ባትሪዬ የሞተው በዚያ ጠዋት አልነበረም

ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ። ደግሜ አዞርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የዳሽቦርዱ መብራቶች ድክም ብለው ይጠፉና ቁልፉን ስለቀው መልሰው ይበራሉ። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች።

ማታ በሰላም ነድቼ ነው የገባሁት። ምንም ምልክት አላየሁም፤ ወይም ያላየሁ መስሎኝ ነበር። በዚያ ጠዋት በጭንቅላቴ የሚመላለሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ባትሪ ዛሬ እንዴት ይሞታል? አሁን ሳስበው ጥያቄው ራሱ ስህተት ነበር። ባትሪው ሲሞት ነው የከረመው። እኔ የሰማሁት በዚያ ጠዋት ነው።

ለአባቴ ደወልኩለት። መኪና ነክ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው።

«ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ከአንድ ወር።»

ትንሽ ዝም አለ። «ገና ልጅ ነው እኮ!»

የአባቴ ባትሪ እስኪቀየር ድረስ 7 ዓመት ሰርቷል። ከዚያ በፊት የነበረውም 6 ዓመት አልፎት ነበር። የእኔ ባትሪ ደግሞ እሱ የገዛው ዓይነት ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው መጠን፣ 60 አምፔር ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን)። የመኪና ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሰራል ይባላል፤ እውነትም አብዛኛው እዚያ መሃል ላይ ነው የሚያልቀው። ሙቀት በሚበዛበት ቦታ በ2 ወይም በ3 ዓመቱ የሚሄደውም ጥቂት አይደለም። ግን በእኔና በአባቴ ባትሪ መካከል 5 ዓመት ገደማ ልዩነት አለ። ይህንን «ዕድል ነው» ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ሰዎች እጅ ገብቶ አንዱ ጋ ሲሸመግል ሌላው ጋ በልጅነቱ ከተቀጨ፣ ከዕቃው ይልቅ አያያዙን ነው መመርመር ያለብኝ ብዬ አሰብኩ።

በጎረቤት መኪና በኬብል አስነሳሁና አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ወዲያው «ቀይሪው» አላሉኝም። ለዚህ ራሱ አከበርኳቸው። ባትሪውን አውጥተው ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አደረጉት። በማግስቱ ቻርጀሩን ነቅለው ጥቂት ሰዓት አሳረፉት። ከዚያ ቴስተሩን በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ ላይ አሳረፉ። 12.4 ቮልት። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ቆይ እስቲ» አሉ። ጓንትና መነጽር አደረጉ። ከላይ ያሉትን ስድስት ክዳኖች አንድ በአንድ ፈቱ። ጫፉ ላይ የላስቲክ ኳስ ያለበት የመስታወት ቱቦ አመጡ። ላስቲኩን ጨመቅ ለቀቅ አድርገው ከመጀመሪያው ሴል አሲድ ሳቡ። ቱቦው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ብድግ አለች። 1.250። ሁለተኛው ሴል 1.255። ሶስተኛው ላይ ሲደርሱ ተንሳፋፊዋ ወደ ታች ሰመጠች። አሲዱን መልሰው አፈሰሱና እንደገና ሳቡ። ያው ነው። 1.140። አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ደህና ናቸው።

«እየውልሽ እህቴ፣ አምስቱ ጠግበዋል። አንዱ ግን ምግብ አልገባም ብሎታል።»

ያቺን የሰመጠች ተንሳፋፊ እስከዛሬ አልረሳትም። ባትሪ ምን እንደሆነ የገባኝ እሷን ሳይ ነው።

አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በእርግጥ አንድ ባትሪ አይደለም። ተያይዘው የተሰለፉ ስድስት ትናንሽ ባትሪዎች ናቸው፤ ሴል የሚባሉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ስለዚህ ደህና ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው የቀረው። 12 ድፍን ከሆነ ሩብ። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ቅልቅል ውስጥ ተነክረው ይቀመጣሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሰልፌቱ ከአሲዱ እየወጣ ሰሌዳዎቹ ላይ ይለጠፋል፤ የቀረው ፈሳሽ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ቻርጅ ሲሆን ደግሞ የተለጠፈው ተመልሶ ወደ አሲዱ ይገባል። የተሞላ ሴል አሲዱ ከውሃ 1.27 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ባዶ የሆነው 1.12 አካባቢ ነው። ተንሳፋፊዋ የምትመዝነው ይህንን ክብደት ነው። ሶስተኛው ሴሌ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ አድሮም ባዶ ሊባል ትንሽ ነበር የቀረው። ሴሎቹ ደግሞ አንድ ሰንሰለት ናቸው። የአምስቱ ጉልበት በደካማው በኩል ካላለፈ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጋ አይደርስም።

ጋሼ ባትሪውን መልሰው ገጠሙና ቴስተሩን እንደያዙ «አስነሺ» አሉኝ። ሞተሪኖው አቃስቶ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ከ12.4 ወደ 8.7 ወረደ። ደህና ባትሪ ሲያስነሳ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ለዚህ ነው ባትሪን በቆመበት ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት የማይበቃው። ሸክሙ ላይ ነው ማንነቱ የሚታወቅ።

ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሰልፌት ትኩስ ሲሆን ለስላሳ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ይለቃል። ለሳምንታት ከተተወ ግን ይጠጥራል፤ ትልልቅ ክሪስታል ይሆናል። ያ የጠጠረ ክፍል ከዚያ በኋላ አይሰራም። ባትሪው ከውጪ ሲታይ ያው ነው፤ ከውስጥ ግን ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። ስልሳ አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ቀስ በቀስ የሃምሳ፣ የአርባ፣ የሰላሳ ይሆናል። ማንም አያየውም። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሪኖው የሚጠይቀውን መስጠት ያቅተዋል። ያን ቀን ነው እኛ «ባትሪዬ ድንገት ሞተ» የምንለው።

«ሟቹን አየን። አሁን ገዳዩን እንፈልግ» አሉ ጋሼ። ኮፈኑን ደግፈው ወደ ውስጥ አጎነበሱ።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ባትሪውን በእጃቸው ገፉት። ተንቀሳቀሰ። ከስር የሚያስረው ብረት የለም። ከ2 ዓመት በፊት የገጠመልኝ ሰው አውጥቶ መልሶ አላሰረውም። በዙሪያው የነበረውን የሙቀት መከላከያ ሽፋንም ጥሎታል። እኔ ያኔ መኪናው ስለተነሳልኝ ብቻ አመስግኜ ነበር የሄድኩት። ያልታሰረ ባትሪ በየጉድጓዱ ይነጥራል። ሰሌዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ኃይል የሚይዘው ንጥረ ነገር በንዝረት እየተፈረፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ተከማችቶ ሁለት ሰሌዳዎችን ካገናኘ ደግሞ ሴሉ በዚያው ያከትማል። አንዲት ብሎንና አንዲት ቁራጭ ብረት ይህን ሁሉ ትከላከላለች።

ሽፋኑ ግን ከብረቱም በላይ ነው የቆጨኝ፤ ምክንያቱም የባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው።

እኔ እንደብዙ ሰው ብርድ ነው የሚገድለው ብዬ አምን ነበር። ምክንያትም ነበረኝ። ባትሪ እምቢ የሚለው ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ብርድ ባትሪውን አይገድለውም፤ ያጋልጠዋል። ቅዝቃዜ ሲመጣ ውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሙሉ ባትሪ እንኳን የሚሰጠው ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሞተሩ ዘይት ደግሞ በዚያው ብርድ ስለሚወፍር ሞተሪኖው የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ጤነኛ ባትሪ ይህንን ይችለዋል። በሙቀቱ ወራት የተጎዳው ግን አይችለውም። ጉዳቱ በሙቀት ነው የሚደርሰው፣ ሂሳቡ በብርድ ነው የሚመጣው።

ሙቀት እንዴት ይጎዳል ቢባል፣ ኬሚካላዊ ሥራን ሁሉ ያፋጥናል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም። የፖዘቲቩ ሰሌዳ የተዘረጋበትን የእርሳስ መረብ ቶሎ ያዝገዋል። ውሃውን ያተናል። ባትሪው ቆሞ ሳለ በራሱ የሚያጣውን ኃይል ያበዛል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምት አለ። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። በ25 ዲግሪ 6 ዓመት የሚኖር ባትሪ ዘወትር በ35 ዲግሪ ቢውል 3 ዓመት መኖሩ ነው። ኮፈን ስር ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ እንኳን ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ይብሳል፤ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ስለቆመ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ባትሪውን ከኋላ ሻንጣ ወይም ከወንበር ስር የሚያደርጉት ለክብደት ሚዛን ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ ትኩሳትም ይርቃል።

ይህንን ስሰማ የአባቴ መኪና የምትቆምበት ቦታ ታየኝ። ትልቅ ዛፍ ስር ነው። ልጅ ሆኜ የወፍ ኩስ እያጠብኩ «ለምን ሌላ ቦታ አታቆማትም?» እለው ነበር። የእኔ መኪና ግን አስፋልት ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ግንብ ስር ነው የምትውለው። በየቀኑ፣ 2 ዓመት ሙሉ።

ጋሼ ቀጠሉ። ሞተሩን አስነስተው ዲናሞውን ለኩ፤ ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላው፣ አንዳንዱ አልተርኔተር የሚለው እሱ ነው። 14.2 ቮልት። ጥሩ ነው። ከ13.8 እስከ 14.6 ባለው መሃል ከሆነ ለአብዛኛው መኪና ይስማማል። ከዚያ ካነሰ ባትሪው ተርቦ ይኖራል። 15ን ካለፈ ደግሞ ውሃው ይፈላል፤ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ከመጣ ሞተሩን ማጥፋትና መኪናውን አናፍሶ ለባለሙያ ማሳየት ነው እንጂ መንዳት የለም። የእኔ ዲናሞ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

«በቀን ስንት ትነጃለሽ?» አሉኝ።

«ሥራ ቦታዬ ቅርብ ነው። ሰባት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ።»

«ኧረ አያጠግበውም!»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። «መኪና ማስነሳት ብዙ ባትሪ ስለሚበላ አጭር መንገድ ያወርደዋል» ይባላል። እስቲ እናስላው። ሞተሪኖ 200 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢስብ ከ0.2 አምፔር ሰዓት በታች ነው። ከ60 ላይ 0.2 ምንም ማለት አይደለም። ዲናሞው በጥቂት ደቂቃ ይመልሰዋል። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ባትሪ አበላሉ እንደኛ ነው፤ ሲርበው ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፣ ሊጠግብ ሲል ይዘገያል። እስከ 80 ከመቶ በፍጥነት ይሞላል። የመጨረሻውን 20 ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል። በ8 ደቂቃ ጉዞ፣ መብራት፣ ማራገቢያና ሬዲዮ እየሰራ፣ ያ የመጨረሻው ክፍል ጭራሽ አይነካም። ባትሪው እየሰራ ነው፣ መኪናውም ይነሳል፤ ግን ለወራት ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ሙሉ ሆኖ የማያውቅ ባትሪ ውስጥ ደግሞ ያ ሰልፌት ቁጭ ብሎ ይጠጥራል። አባቴ አስተማሪ በነበረበት ጊዜ ሲሄድ 40 ደቂቃ ሲመለስ 40 ደቂቃ ይነዳ ነበር። ሳያስበው ባትሪውን በየቀኑ ሲመግብ ኖሯል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ መንዳት ይረዳል። የተሻለው ግን በወር አንዴ ሌሊቱን የግድግዳ ቻርጀር ላይ ማሳደር ነው። ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ከሆነ አያሳስብም። ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀል ነው። እንደኔ አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው፣ ለባትሪ ከሚደረገው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁንም ጋሼ አልጨረሱም። መኪናውን አጥፍተው ቁልፉን ነቀሉ። ከኔጋቲቩ ላይ ሞርሴቶውን፣ ሽቦውን ከባትሪው ጋር የሚያጣብቀውን ብረት፣ አወጡና በመካከል አምፔር መለኪያውን አስገቡ። በሮቹን ቆለፍን። «አሁን እንጠብቅ» አሉ። ዘመናዊ መኪና ከተቆለፈ በኋላም ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይተኙም፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ጠበቅን። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። 0.34 አምፔር።

ጤነኛ መኪና ተኝቶ ሳለ የሚጠጣው ከ0.05 አምፔር ባይበልጥ ነው። የእኔ ሰባት እጥፍ ገደማ ነበር። ጋሼ የፊዩዝ ሳጥኑን ከፍተው አንድ በአንድ እየነቀሉ መመለስ ጀመሩ። አይናችን ቁጥሩ ላይ ነው። ነቀሉ፤ 0.34። መለሱ። ነቀሉ፤ 0.34። መለሱ። አንዷን ትንሽ ፊዩዝ ሲነቅሉ ቁጥሩ ጥልቅ ብሎ 0.03 ሆነ። ሁለታችንም ቀና አልን። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው የመንገድ ካሜራ ነበረች። ሳስገጥማት ሽቦዋ ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር ጋር ተያይዟል። መኪናው ቢጠፋም እሷ አትጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ግንብ ስትቀርጽ ታድራለች።

በቀን 24 ሰዓት ሲባዛ በ0.3፣ 7 አምፔር ሰዓት ያልፋል። ቅዳሜና እሁድ መኪናዋን ሳልነካት ስውል፣ ከ60 ላይ ሩቡ ያህል ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት አስነስቼ ለ8 ደቂቃ እነዳለሁ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ፀሐይ። ሙቀት፣ አጭር መንገድና ያቺ ካሜራ አንድ ላይ ተባብረው ነው ባትሪዬን የጨረሱት። አንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ምናልባት 4 ዓመት ይደርስ ነበር።

ባትሪን ሙሉ ለሙሉ ማውረድ ለብቻው መነገር አለበት። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሰራው። ለዚህ ብለው ሰሌዳዎቹን ስስና ብዙ አድርገዋቸዋል። ቀስ ብሎ እስከ ታች መውረድ አይስማማውም። የፊት መብራት በርቶ ቢረሳ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በ6 ሰዓት ገደማ ባዶ ያደርገዋል። የውስጧ ትንሽ አምፖል ግን ቀናት ይፈጅባታል። አንዴ ባዶ የሆነ ባትሪ ቶሎ ከተሞላ ይድናል፤ ግን ከዕድሜው ላይ የሆነ ነገር ተቀንሷል። በኬብል አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ነድቶ «ተሞላ» ማለትም የለም። ባዶ ባትሪ ቻርጀር ላይ ነው ማደር ያለበት። በጣም በሚበርድበት ቦታ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ባዶው ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ውሃ ስለተጠጋ ሊቀዘቅዝና በረዶ ሊሆን፣ ሳጥኑንም ሊሰነጥቀው ይችላል። በረዶ የሆነን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ አይገባም።

ምልክቱስ? ምልክት አልነበረም ብዬ ነበር። ጋሼ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳስታውስ ግን ነበረ። ከሶስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሞተሪኖው ሲጎተት ሰምቼው ነበር፤ እንደ እንቅልፋም ሰው ድምፅ። ሞተሩ ሳይነሳ መስኮት ስከፍት መስታወቱ በዳተኝነት ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ሰዓቱ ከዜሮ ጀምሮ አገኘሁት። ሁሉንም አልፌያቸዋለሁ፣ መኪናው ስለተነሳ። የዛሬ መኪኖች ነዳጁን በኮምፒውተር ስለሚረጩ በጥቂት ዙር ይነሳሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የደከመ ባትሪን እስከ መጨረሻው ቀን ይደብቀዋል። ስለዚህ ባትሪው 3 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ሸክም ላይ ማስለካት እወዳለሁ። ከብርዱ ወራት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ማታ ለአባቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ካሜራዋ ሲሰማ ተቆጨልኝ። ከዚያ እሱ ምን ያደርግ እንደነበር ጠየቅሁት። ምንም የተለየ ነገር እንዳላደረገ ነው የነገረኝ። ሳጣራው ግን ብዙ ያደርግ ነበር። በወር አንዴ ክዳኖቹን ከፍቶ ያያል። ፈሳሹ ሰሌዳዎቹን መሸፈን አለበት፣ ከላያቸውም አንድ ሴንቲሜትር ያህል። ከጎደለ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨምራል። የቧንቧ ውሃ አያስጠጋም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳውን ስለሚጎዳ። አሲድም አይጨምርም፤ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም። ውሃ የሚጨምረው ደግሞ ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው፤ ውሃው ቀድሞ ከተጨመረ ቻርጅ ሲሆን ይገነፍላል። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ባትሪዎች የታሸጉ ስለሆኑ ይህ ሥራ ቀርቷል። ክዳን ያለው ባትሪ ያለው ሰው ግን አይርሳው።

ሞርሴቶው ላይ የሚወጣውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄትም ያጸዳ ነበር። ልጅ ሆኜ ያየሁት ይህንን ነው። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ያፈሳል። ዱቄቱ ቸሰስ ብሎ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይታጠባል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይጠርግና ቫዝሊን ይቀባዋል። ሲፈታ ሁልጊዜ ኔጋቲቩን ያስቀድማል፤ ሲገጥም ኔጋቲቩን መጨረሻ ያደርጋል። «ለምን?» ስለው መፍቻውን አሳየኝ። ፖዘቲቩን ቀድመህ እየፈታህ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ እሳት ይረጫል። ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ሃይድሮጅንና የእሳት ፍንጣሪ ከተገናኙ ባትሪው ይፈነዳል። አሲዱም ዓይን ያጠፋል። ባትሪ አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ሳይ ዛሬም ይቆጣኛል።

ይህ ዓይነት ባትሪ የተፈለሰፈው ከመኪና በፊት ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1859 ነው የመጀመሪያውን የእርሳስና አሲድ ባትሪ የሰራው። መኪና ግን ለረጅም ጊዜ በእጅ ነበር የሚነሳው፤ ከፊት ብረት አስገብቶ በማዞር። ብረቱ ተመልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለው የመኪና ፋብሪካ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርለስ ኬተሪንግ የሰራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ መኪናዎቹ ላይ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ባትሪ የሌለው መኪና ማሰብ ቀረ።

ስለ ዓይነቶቹ ብዙ አልልም። ቀይ መብራት ላይ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ ራሱ የሚያስነሳ መኪና ካላችሁ ግን ይህን እወቁ። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ የሚመጡት ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ ከሚባሉ ጠንካራ ባትሪዎች ጋር ነው። ርካሽ ነው ብሎ ተራውን መግጠም በወራት ውስጥ መልሶ መግዛት ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪኖችም ከትልቁ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሷ ከወረደች በሩም አይከፈት ይሆናል። ትልቁ የሊቲየም ባትሪ ዋስትናው ብዙ ጊዜ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሙቀትን እሱም አይወድም። ጥጋቡ ላይ ግን ይለያያሉ። የእርሳሱ ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን ይፈልጋል፤ ሊቲየሙ ደግሞ 100 ከመቶ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆም ይጎዳዋል።

አዲስ ባትሪ ልገዛ ስሄድ ጋሼ ሁለት ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። አንደኛ፣ የተመረተበትን ቀን እዪ። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ በየወሩ በራሱ ትንሽ ትንሽ ያጣል። ግማሽ ዓመት ያለፈው ከሆነ ሌላ ጠይቂ። ሁለተኛ፣ ከመክፈልሽ በፊት አስለኪ። ሻጩ የመጀመሪያውን አወጣ። 12.3። በትህትና መለስኩለት። ሁለተኛው 12.6 ሆነና እሱን ወሰድኩ። አሮጌውንም እዚያው ሰጠሁ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ቀልጦ እንደገና ባትሪ መሆን ሲችል ቆሻሻ ውስጥ መጣል ግፍ ነው።

ጋሼ ገጠሙልኝ። የሚያስረውን ብረት ከአሮጌ ዕቃዎች መሃል ፈልገው አገኙ። የሙቀት ሽፋን ሰፉለት። የካሜራዋን ሽቦ ከቁልፉ ጋር ወደሚጠፋው መስመር አዞሩት። እኔ ደግሞ በነጭ ቀለም ብዕር ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ባትሪው ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

አሁን ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት፣ መኪናዋን ሳልነካት ቴስተሬን ይዤ እወርዳለሁ። የምታድረውም ግንቡ ስር መሆኗ ቀርቶ ከወዲያ ማዶ ካሉት ዛፎች ጥላ ውስጥ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሁለቱን ጫፎች አሳርፋለሁ። አባቴ ሰዓቱን ስለሚያውቅ ከመደወሌ በፊት ይደውላል።

«ስንት አለ?»

«12.64።»

«ባለፈው ወርስ?»

«12.65።»

«እሺ፣ ኮፈኑን ዝጊውና ያን መስታወት ውሃ አፍስሺበት። ወፎቹ አቆሽሸውት ይሆናል።»